የሦስት ቀን ቢራ፦ እንግሊዞች በርሜላቸው ላይ ቴክኖሎጂ ይቀበሉ ይሆን?

ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ፣ ከምኖርበት ሰፈር ጥግ ላይ፣ አንዲት ትንሽ መጠጥ ቤት አለች። ባለቤቷ ስልሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ስለ ጠላ ሳወራላቸው ቆየሁ። ጋኑን፣ ጌሾውን፣ ጥንስሱን ሁሉ ነገርኳቸው። "ና፣ እኔም የእኛን ጋን ላሳይህ" አሉና ወደ ምድር ቤት ይዘውኝ ወረዱ።

ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል። አራት የብረት በርሜሎች በጎናቸው ተጋድመዋል። በእያንዳንዱ በርሜል ሆድ ላይ እርሳስ የምታክል የእንጨት ውታፍ ተሰክታለች። ሴትዮዋ አንዷን ነቀል አደረጓት። እስስስ የሚል ድምፅ ተሰማ። ነጭ አረፋ ቡልቅ ብሎ ወጣ። "ይሄ ገና እየፈላ ነው። ነገ ይደርሳል" አሉኝ።

ጠላ ሲጠመቅ አይቶ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ አይስተውም።

ይህ መጠጥ ካስክ ኤል ይባላል። የበርሜል ቢራ እንበለው። አዲስ አበባ ውስጥ ድራፍት ብለን ከምንጠጣው በጣም ይለያል። ድራፍቱ ተጣርቶ፣ እርሾው ወጥቶለት፣ ኬግ በሚባል ዝግ የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በጋዝ ግፊት ተገፍቶ ብርጭቆ ውስጥ ይወርዳል። የበርሜል ቢራ ግን ከነእርሾው ነው የሚላከው። በርሜሉ ውስጥ ሁለተኛ ዙር ይፈላል። ጋዙንም ራሱ ያመርታል። አተላው ከሥር ይዘቅጣል፣ ላዩ ይጠራል። ሲቀዳ የሚገፋው ጋዝ የለም። ባንኮኒው ላይ ባለው የእጅ ፓምፕ ተስቦ ይወጣል። የሚጠጣው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ባለው የምድር ቤት ቅዝቃዜ ነው። አፍ ውስጥ ለስለስ ይላል፣ የብቅሉና እንደ ጌሾ ምሬት የሚሰጠው የሆፕሱ ጣዕም በደንብ ይለያል። በእኔ ግምት እንግሊዞች ለዓለም የመጠጥ ጠረጴዛ ካበረከቱት ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ይህ ቢራ ታሟል። አሁን ሰዉን የሚያከራክረው ደግሞ መድኃኒቱ ነው። ቴክኖሎጂ ያድነው ይሆን? ጠጪውስ ያንን ቴክኖሎጂ ይቀበል ይሆን? (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በሽታውን ለመረዳት ትንሽ ሂሳብ ይበቃል። ብዙ መጠጥ ቤቶች የሚገዙት መደበኛ በርሜል ፈርኪን ይባላል። 9 የእንግሊዝ ጋሎን፣ ማለትም ወደ 41 ሊትር ይይዛል። በእንግሊዙ ትልቅ ብርጭቆ፣ በፓይንት ሲለካ 72 ፓይንት ነው። በርሜሉ አንዴ ከተከፈተ ጥሩ ሆኖ የሚቆየው ሦስት ቀን ያህል ነው። ስለዚህ ቤቱ ከዚያ አንድ ቢራ ብቻ በቀን 24 ፓይንት መሸጥ አለበት። አሥር ብቻ የሚሸጥ ቤትስ? በርሜሉን ለመጨረስ ከሰባት ቀን በላይ ይፈጅበታል።

ለምን ሦስት ቀን ብቻ? ቢራው በተቀዳ ቁጥር በርሜሉ ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ያንን ቦታ ከምድር ቤቱ የሚገባ አየር ይሞላዋል። መጀመሪያ ላይ አየሩ አይከፋም። እንዲያውም ጥቂት አየር ጣዕሙን ያለዝበዋል፣ ይከፍተዋል የሚሉ አዋቂዎች ብዙ ናቸው። እየቆየ ግን ኦክስጅኑ ቢራውን ያደክመዋል። እርጥብ ካርቶን ካርቶን ማለት ይጀምራል። ጋዙም ይተናል። ቀጥሎ አየር የሚወዱት ባክቴሪያዎች ይገቡና አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጡታል። ይሆመጥጣል።

እኔ ራሴ ደርሶብኛል። ሌላ ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው ቤት ውስጥ፣ አንድ ፓይንት አዘዝኩ። ገና አፌ ሲደርስ ኮምጣጤ ነው። ቀጂው ልጅ "እንዲህ ነው ጣዕሙ" አለኝ። አላመንኩትም፣ ግን አልተከራከርኩም። ቀጥሎ ያዘዝኩት ላገር ነው፣ እንደ ድራፍታችን ያለ የኬግ ቢራ። ብዙ ሰው እንደ እኔ ነው የሚያደርገው። ዝም ብሎ ወደ ሌላ ይዞራል። ሽያጩ ይቀንሳል። ሽያጩ ሲቀንስ በርሜሉ ይበልጥ ይቆያል። ሲቆይ ይበልጥ ይበላሻል። ክፉ አዙሪት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ጋን ማሰቤ አልቀረም። እኛ ዘንድ ጋኑ የሚከፈተው ሰው ሲኖር ነው። ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለዝክር፣ ለደቦ። ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ጋኑ በአንድ በሁለት ቀን ባዶ ይሆናል። ጠላው የሚሆመጥጥበት ጊዜ አያገኝም። የእንግሊዙ በርሜልም የተሠራው ለሕዝብ ነበር። የማዕድን ማውጫው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የመርከብ ሥራው ሠራተኛ ከፈረቃ ሲወጣ በቀጥታ ወደ መጠጥ ቤት ይገባ ነበር። በርሜል በአንድ ምሽት ያልቅ ነበር። ማዕድኑ ተዘጋ። ፋብሪካው ተዘጋ። ሰዉ ከሱፐርማርኬት ርካሽ ቆርቆሮ ቢራ ገዝቶ ቤቱ ይጠጣል። ወጣቱ የሚጠጣው እየቀነሰ ነው። በርሜሉ ግን አሁንም 72 ፓይንት ነው። እንግዲህ ዛሬ ለምድር ቤቱ የሚቀርበው ቴክኖሎጂ ሁሉ አንድ ነገር ለመተካት ነው የተፈጠረው። የቀረውን ሰው።

ከመሳሪያዎቹ ሁሉ ብዙ ያጨቃጨቀው ካስክ ብሪዘር ይባላል። የበርሜል መተንፈሻ ማለት ነው። ሲያዩት ምንም አይደለም። የእጅ መዳፍ የማይሞላ ቫልቭ ነው። አንድ ጫፉ ውታፏ በነበረችበት ቀዳዳ ይገባል። ሌላው ጫፉ በቀጭን ቱቦ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ጋር ይገናኛል። ቢራ ሲቀዳ በአየር ፋንታ ጋዝ ይገባል። መጠኑ ልክ የተቀዳውን ያህል ነው። ግፊቱም ከውጭው አየር ግፊት አይበልጥም። ስለዚህ ቢራውን አይገፋውም፣ እንደ ለስላሳ መጠጥም አያፍለቀልቀውም። ክፍተቱን ይሞላል፣ በቃ። በዚህ ብቻ የበርሜሉ ዕድሜ በብዙ ቀን ይረዝማል።

ምን ያጨቃጭቃል ታዲያ? ይህን ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ዋትኒ የተባለው የለንደን ጠማቂ በ1930ዎቹ ሬድ ባረል የሚባል ኬግ ቢራ መሞከር ጀመረ። በሙቀት የታከመ፣ ተጣርቶ የጸዳ፣ በጋዝ የሚገፋ። በ1960ዎቹ ትልልቆቹ ጠማቂዎች አገሩን በዚህ ዓይነት ቢራ አጥለቀለቁት። ለእነሱ ምቹ ነበር። አይበላሽም። ምድር ቤት የሚንከባከብ ባለሙያ አይፈልግም። ጠጪው ግን ጣዕሙን ተነጠቀ። በ1971 አየርላንድ ውስጥ ለሽርሽር የሄዱ አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች በዚህ ተማርረው አንድ ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ ካምራ የሚባለው፣ የእውነተኛ ኤል ዘመቻ፣ እሱ ነው። ከመቶ ሺህ በላይ አባላት አሉት። ካምራ እውነተኛ ኤል ላለው ነገር የሰጠው ትርጉም ሁለት ምሰሶ ነበረው። ቢራው የሚቀዳበት ዕቃ ውስጥ በእርሾው ይብላላ። ሲቀዳም የውጭ ጋዝ አይጨመርበት።

ብሪዘሩ ሁለተኛውን ምሰሶ ነካ። ግፊት የለውም፣ ግን ጋዝ ነው። ካምራ ለረጅም ዓመታት ተቃወመው። ይህን መሳሪያ የሚጠቀሙ ቤቶች ማኅበሩ በየዓመቱ በሚያወጣው የምርጥ መጠጥ ቤቶች መመሪያ ውስጥ ለመግባት ይቸገሩ ነበር። ጋዝ የገባበትን በር እንደገና መክፈት የፈራ ሰው ላይ መፍረድ ይከብደኛል። አንዴ ቢራውን ተነጥቆ ያየ ሰው ነው።

በኤፕሪል 2018 ኮቨንትሪ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ተደረገ። አባላቱ ካምራ ለብሪዘሩ ያለውን ተቃውሞ እንዲያነሳ ወሰኑ። በዚያው ጉባኤ ሌላ ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ካምራ የበርሜል ቢራ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ዓይነት ቢራ ጠጪዎች ድምፅ ይሁን የሚል። እሱ የሚያስፈልገውን ሦስት አራተኛ ድምፅ ሳያገኝ ቀረ። ሁለቱን ውጤቶች አንድ ላይ ማየት ደስ ይለኛል። በአገሩ ካሉት ሁሉ ወግ አጥባቂ የሚባሉት ጠጪዎች ቫልቩን ተቀበሉ፣ የቆሙለትን ነገር ማደብዘዙን ግን እምቢ አሉ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ዛሬ የባህሉ ምልክት የሆነው የእጅ ፓምፕ ራሱ አንድ ጊዜ አዲስ ቴክኖሎጂ ነበር። ጆሴፍ ብራማ የተባለው መሐንዲስ በ1797 ለቢራ መሳቢያ ፓምፕ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ከፓምፑ በፊት አሳላፊው ምድር ቤት እየወረደ በማሰሮ ነበር የሚቀዳው። በርሜሉም የእንጨት ነበር። በ1963 ኤፕሰም ከተማ ከእንጨት በርሜል የሚቀዳ ቢራን ለማዳን አንድ ማኅበር ተቋቋመ። ስሙ ራሱ እንጨቱን ይጠራል። ግን ቁም ነገሩ ውስጡ ያለው ሕያው ቢራ እንጂ እንጨቱ አለመሆኑን አባላቱ ቀስ በቀስ ተቀበሉ። ዛሬ የበርሜል ቢራ የሚመጣው ከሞላ ጎደል በብረት ወይም በፕላስቲክ በርሜል ነው። ማንም አያኮርፍም።

ሌሎችም አሉ። ኪይ ኬግ የሚባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጡ ከረጢት አለው። ቢራው ከረጢቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጋዙ ከረጢቱን ከውጭ ይጨምቀዋል፣ ቢራውን አይነካውም። እርሾው ውስጥ ካለና ቢራው እዚያው ከበሰለ ካምራ እውነተኛ ኤል ነው ብሎ ተቀብሎታል። በርሜልን ሳያጋድሙ አቁሞ ከላይ የሚቀዳ ተንሳፋፊ መሳቢያም አለ፣ ቦታ ለጠበበው ምድር ቤት ይጠቅማል። የሙቀት መቆጣጠሪያውን ማንም አልተቃወመም።

ማጥሪያው ግን አንድ አንቀጽ ይገባዋል። አብዛኛው የበርሜል ቢራ ቶሎ እንዲጠራ አይዚንግላስ የሚባል ነገር ይጨመርበት ነበር። የሚሠራው ከዓሣ ሆድ ዕቃ፣ ዓሣው ከሚንሳፈፍበት የአየር ከረጢት ነው። እርሾውን ጎትቶ ወደ ሥር ያዘቅጠዋል። ሥጋና የእንስሳት ተዋጽኦ የማይነኩ ጠጪዎች ሲበዙ ጥያቄ ተነሳ። ብሪስቶል ያለው ሙር ቢር የተባለ ጠማቂ ሳያጠራ በመላክ ቀድሞ ታወቀ። እኛ ጉሽ እንደምንለው ደፍረስ ያለ ነው። ብዙ ጠጪ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ደፍራሽ ቢራ ማለት የተበላሸ ቢራ ማለት ነበር። ሲነገረው ግን ለመደ። (በጾም ዓሣ የማይበሉ አንድ የአገሬ ልጅ ይህን ስነግራቸው ክው ብለው ቀሩ። ለዓመታት ሳያውቁ ነበር የሚጠጡት።)

"ሲነገረው" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እዚህ ላይ የ2024ቱ ጭቅጭቅ ይመጣል።

ካርልስበርግ ማርስተንስ የተባለው ትልቅ የቢራ ኩባንያ በዚያ ዓመት ፍሬሽ ኤል የሚል ነገር ይዞ ወጣ። ዌይንራይትንና ሆብጎብሊንን የመሳሰሉ የታወቁ የቢራ ስሞች አሉበት። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቢራው እንደ በርሜል ቢራ ይጠመቃል። ከዚያ ለስለስ ያለ ጋዝ ተጨምሮበት ኬግ ውስጥ ይገባል። ከተከፈተ በኋላ 14 ቀን ይቆያል። ባንኮኒው ላይ ግን የሚቀዳው በእጅ ፓምፕ ነው። ጠጪው የሚያየው እጀታው ሲሳብ ነው። ሥሩ ያለው ኬግ ነው።

የኩባንያውን ምክንያት ማጣጣል አልፈልግም። በቀን 24 ፓይንት መሸጥ የማይችል ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ቤት የሆመጠጠ ቢራ ከሚቀዳ ንጹሕ ኬግ ቢቀዳ ለጠጪው ይሻለዋል። 14 ቀን ለአንድ ትንሽ ቤት እስትንፋስ ነው። ጠጪውም የእጅ ፓምፑን ይወዳል፣ ለምን ይቅርበት ይላሉ።

ካምራ ግን ተነሳ። የእጅ ፓምፕ ለእንግሊዝ ጠጪ ቃል ነው፣ "ከዚህ የሚወጣው የበርሜል ቢራ ነው" የሚል ቃል። ኬግን በእጅ ፓምፕ መቅዳት ሸማቹን ማሳሳት ነው ብሎ ለአገሪቱ የንግድ ደንብ ተቆጣጣሪዎች አቤት አለ።

እኔ በዚህ ከካምራ ጋር ነኝ። አገር ቤት ጠላ ቤት እንዴት ነው የሚታወቀው? ደጃፉ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ይታያል። ሌላ ማስታወቂያ የለውም። ያንን ጣሳ አይቶ የገባ ሰው ሌላ ነገር ቢቀዳለት፣ የተቀዳለት ነገር ጥሩ ቢሆን እንኳ፣ ተታሏል። በሚቀጥለው ጊዜ ጣሳው ምንም አይነግረውም። ምልክቱ ከሞተ ደግሞ የሚጎዳው በትክክል ጠላ የሚጠምቁት ሁሉ ናቸው። የእጅ ፓምፑም እንደዚሁ ነው። ስንት ትንንሽ ጠማቂ በዚያ እጀታ ታምኖ ይኖራል።

ሌላም ነገር ያሳስበኛል። ያው ኩባንያ በ2024 መጨረሻ ባንክስ ማይልድንና ቦምባርዲየርን ጨምሮ በርካታ የበርሜል ቢራዎችን ማምረት እንደሚያቆም አስታወቀ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በርተን ከተማ ያለውን የበርተን ዩኒየን አሠራር ዘግቶ ነበር። ይህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረ፣ በቱቦ በተያያዙ የእንጨት በርሜሎች ቢራን የማፍላት ዘዴ ነው። አንዱን ስብስብ ደርቢሸር ያለው ቶርንብሪጅ የተባለ ጠማቂ ወስዶ ሕይወት ዘራበት እንጂ ታሪክ ሆኖ ሊቀር ነበር። ስለዚህ ጠጪው ፍሬሽ ኤልን ሲያይ ቫልቭና ኬግ ብቻ አይደለም የሚያየው። ይህ መሳሪያ በርሜሉን ሊያቆይ ነው የመጣው ወይስ ሊተካ? ብሎ ይጠይቃል። ብሪዘሩ ያለ በርሜል ጥቅም የለውም። ፍሬሽ ኤል ግን በርሜል አያስፈልገውም። ጠጪው ይህን ልዩነት ያለ ማንም አስተማሪ ያሸተዋል።

ታዲያ ጠጪው ቴክኖሎጂ ይቀበላል ወይ ለሚለው መልሴ አዎ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ሲቀበል ኖሯል። ቢራው ሕያው ሆኖ ከቆየለትና ምን እንደተደረገበት በግልጽ ከተነገረው ነገም ይቀበላል። ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ይመስለኛል። ብዙ ባለ መጠጥ ቤቶች ብሪዘር አላቸው፣ ግን አይናገሩም። ደንበኛ እንዳይሸሽ ይፈራሉ። አምራቾችም የማስታወቂያ ሰው ያማክሩና ነገሩን በጣፋጭ ስም ይሸፍኑታል። መደበቁ ራሱ ጥርጣሬ ይወልዳል።

ደግሞም ሁሉም መፍትሔ ጋዝ አይፈልግም። ፒን የሚባል የፈርኪን ግማሽ የሆነ በርሜል አለ፣ 36 ፓይንት ይይዛል። በቀን 12 ከተሸጠ በሦስት ቀን ያልቃል። ጠማቂዎች በእያንዳንዱ ፓይንት ሲሰላ ወጪው ይበዛል ብለው አይወዱትም። ስድስት የእጅ ፓምፕ ደርድሮ ስድስት የደከመ ቢራ ከመቅዳት ሁለት ፓምፕ ብቻ መያዝም ይቻላል። ይህ ምንም መሳሪያ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ባለቤቱ ስድስት ፓምፕ ያለው ጎረቤቱን አይቶ አለመቅናቱ ነው።

ወደ ምድር ቤቷ ልመለስ። ከአራቱ በርሜሎች ሦስቱ ውታፍ ነበራቸው። አራተኛው ላይ ግን ያ ትንሽ ቫልቭ ተገጥሟል። ውስጡ ማይልድ ነው፣ ጥቁር፣ አልኮሉ አነስ ያለ፣ ድሮ ማዕድን ቆፋሪዎች የሚወዱት ቢራ። ዛሬ የሚጠጡት አምስት ስድስት አዛውንቶች ብቻ ናቸው። "ያለዚህ ቫልቭ ቢራውን መተው ነበረብኝ። ሰዎቹንም አብሬ" አሉኝ ሴትዮዋ።

ለደንበኞቹ ነግረዋቸዋል። ከፓምፑ እጀታ ላይ ትንሽ ካርድ ሰቅለዋል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ አዛውንት አኩርፈው ሁለት ሳምንት ሌላ ቢራ ጠጡ። ከዚያ ተመለሱ።

ወደ ላይ ወጣንና ግማሽ ፓይንት ቀዱልኝ። በርሜሉ ከተከፈተ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። አልኮመጠጠም። የተጠበሰው ብቅል ጣዕም አሁንም አለ። የመጀመሪያው ቀን ላይ የሚሰማው ያ ቅልጥፍና ግን ትንሽ ጎድሎታል፣ እውነቱን ለመናገር። ነገርኳቸው። አልተከፉም፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ መሃል አንዱ አዛውንት ገቡና ኮታቸውን ሳያወልቁ ካርዱን አጎንብሰው አነበቡ። በእስክሪብቶ የተጻፈው ሁለት መስመር ነው። "መተንፈሻ አለው። የተከፈተው ሐሙስ ነው።" ቀና አሉና አንድ ማይልድ አዘዙ።